ከመቶ ሰባት ሲቀነስ

«ከመቶ ላይ ሰባት ቀንስ፤ ከቀሪው ላይ ሰባት ድገም፤
በቃህ እስክልህ» አለኝ ዶክተር እንዳሻው፣ ሳይቆጣ፣ ሳይስቅም።
ይቺማ ምን አላት?
እኔ ለሚ ነኝ፤ የመቂ ቲማቲም በሌሊት ሲራገፍ
የሁለት አይሱዙ ሣጥን ባንድ ትንፋሽ ቆጥሬ የማልፍ፤
ነጋዴው ካልኩሌተሩን ከኪሱ ሳያወጣ
ድምሩ ከኔ አፍ ቀድሞ የሚወጣ።

ዘጠና ሦስት።

መስኮቱ ክፍት ነው። የአዳማ ሙቀት ገብቶ
ተቀምጧል እንደ ሦስተኛ ሰው፣ ወንበር ስቦ።
ውጭ ረዳቱ ይጣራል፦ «ሞጆ! ሞጆ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
አንድ ሰው የጎደለው ሚኒባሱ ነው፣ ወይስ እኔ?
ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይንቋቋል፤ ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ወደቀ፤
የዶክተሩ እስክሪብቶ ጠቅ፣ ጠቅ፤
የጋዋኑ ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤
ማን ሰፋው? ለምን በሰማያዊ?
ሳልጠራቸው መጡ፤ አንዱ ለአንዱ ቦታ አይለቅም፤
ሁሉም እኩል ይጮኻል። ቁልፉም ጭምር።

ሰማንያ ስድስት።

ሰው ሁሉ በጆሮው ደጅ ዘበኛ ያለው ይመስለኛል፣
«አንተ ግባ፤ አንተ ቆይ፤ አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» የሚል።
የኔው ዘበኛ አንድ ሌሊት፣ ቀኑን እንኳ አላውቀው፣
ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ሄደ፤ የወር ደመወዙን ሳይጠይቅ።
ከዚያ ወዲህ በሩ ወለል ብሎ ያድራል።
ሁሉም ይገባል፤
ምንም አይገባኝም።

ሰማንያ ስድስት። ብያለሁ?

ገበያው ውስጥ የጀመረኝ ቀን ወይዘሮ ዘምዘም «ስንት ሆነ?» አሉኝ።
«ስንት» ሲደርሰኝ «ሆነ» ጠፋ፤ «ሆነ»ን ፈልጌ ስመለስ
«ስንት» የለም። በመሃል የሽንኩርት ዋጋ፣ የጎማ ሲጥታ፣
የቲማቲሙ ቅላት። ቅላቱ ራሱ ይናገር ነበር፤
እያንዳንዱ ሣጥን «እኔን ብቻ እየኝ» እያለ።
«ጫት ነው» አለ አንዱ። «አይ፣ ስንፍና ነው» አለ ሌላው።
እሱንም ሰማሁት፤ የማልሰማው ነገር ኖሮ መቼ።

ዶክተሩ በየወሩ «ድምፅ ትሰማለህ?» ይለኛል።
የሌለ ሰው ድምፅ ማለቱ ነው። እሱስ ከክኒኑ ወዲህ
እየራቀ ሄዷል፤ ሲመጣም እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው።
ስላሉት ሰዎች ድምፅ ግን
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰባ...
ሰባ ዘጠኝ።

ከመስኮቱ ባሻገር፣ ጋራው ጫፍ ላይ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ
ዝም ብለው ይዞራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ክንፍ።
ከዚህ ሁሉ የማይጮኹት እነሱ ብቻ ናቸውና
ሄድኩላቸው።
ከሰባ ዘጠኝ ላይ ሦስት...
«ሰባ ስድስት» አልኩ።
ዶክተሩ አቀርቅሮ ጻፈ።
ስሌቱ ልክ ነበር እኮ! የተቀየረው ጥያቄው ነው።
ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት «በቃ፣ ጎበዝ» አለኝ።

ሶሬቲ ደጅ አግዳሚው ላይ ናት። ታናሼ ናት፤ ከዶክተሩ ቀድሞ የገባት።
«ምን አለህ? መድኃኒት ቀየረልህ? ቀጠሮው መቼ ነው?» አትለኝም።
የሞጆው ሞልቶ እስኪነሳ ትጠብቃለች፤
ባጃጁ እስኪያልፍ፤ አቧራውም እስኪወርድ።
ከዚያ ፊቴ ቆማ አንድ ቃል ትሰጠኛለች፣ እንደ ሎሚ፣ በእጄ፦
«እንሂድ።»
ይገባል። ይገባኛልም።

ፍራንኮ ጋ ስንደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሳልፈልገው መጣ፦
«ሰባ ሁለት!»
ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና
«ኧረ ሠላሳ ብር ነው፣ ወንድሜ» አለ።
ሶሬቲ እየሳቀች ሠላሳውን ቆጠረች።

ስልሳ አምስት።